በሽብር የተጠረጠረ ሰው መብት፦ ከአዋጅ 652 እስከ አዋጅ 1176

ስለ ጸረ ሽብር ሕግ ሲወራ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አገር ከሌለ ምን መብት አለ?» ይላል። ሌላው «ተቃዋሚ ማሰሪያ ሰበብ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ውስጥ እውነት አለ። ግን ሁለቱም ሕጉ በትክክል ምን እንደሚል አይነግሩንም፤ ሰው በሽብር ተጠርጥሮ ሲያዝ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምን እንደሚገጥመው፣ ማን ምን መጠየቅ እንደሚችል አይነግሩንም። እኔ ዛሬ እሱን ነው በቀላሉ ላስረዳ የምፈልገው። ጉዳዩ ያንገበግበኛል፤ የማልደብቀው አቋምም አለኝ።

ከአደጋው ልጀምር፣ ምክንያቱም አደጋው እውነተኛ ነው። ሰኔ 1987 የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ እንደገቡ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። በቀጣዩ ዓመት ግዮን ሆቴል ቦምብ ፈነዳ። ሚያዝያ 1999 ሶማሌ ክልል አቦሌ በሚባል ቦታ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ጥቅምት 2006 ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር በሚጫወቱበት ቀን ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ፣ በአጥፍቶ ጠፊነት ሊጠቀሙበት ነበር የተባሉትን ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ገደለ። ያ ቦምብ ያሰቡት ቦታ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ቀን የምናወራው በሌላ ድምፅ ነበር። ስለዚህ «መንግሥት ዝም ብሎ ይቀመጥ» የሚል ሰው ካለ አልስማማም። በሕይወት መኖርም መብት ነው፤ ያንን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? የጸረ ሽብር ሕግ ከተራው የወንጀል ሕግ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ተራው ሕግ በአብዛኛው አንድ ነገር ከተፈጸመ በኋላ ነው የሚመጣው። ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ገንዘብ ተሰረቀ፤ ፖሊስ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደ ማን እንዳደረገው ይፈልጋል። ሽብር ላይ ግን ቦምቡ እስኪፈነዳ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሕጉ ወደ ፊት ይሮጥና ሐሳብን፣ ዝግጅትን፣ ግንኙነትን፣ ንግግርን መያዝ ይጀምራል። ያልተፈጸመ ነገር ደግሞ አሻራ የለውም። ማስረጃው «ከእገሌ ጋር በስልክ ተነጋገረ»፣ «ይህን ጻፈ»፣ «እዚህ ስብሰባ ላይ ተገኘ» ይሆናል። እነዚህን ነገሮች ቦምብ የሚያዘጋጅ ሰውም ያደርጋቸዋል፣ ጋዜጠኛም ያደርጋቸዋል፣ ተማሪም ያደርጋቸዋል። የመሳሳት ዕድሉ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንግሥት ቅን ቢሆን እንኳ። ቅን ካልሆነማ ይህ ዓይነቱ ሕግ ለማንኛውም ሰው የሚበቃ ሰፊ መረብ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የምንዘለው። «ለደህንነት ስንል ትንሽ መብት እንተው» ስንል እኛ የራሳችንን የምንተው ይመስለናል። እውነቱ ግን የእኔን ደህንነት የምገዛው በሌላ ሰው መብት ነው። እኔ ማታ ቤቴ ተኝቼ አድራለሁ፤ መብቱን የሚከፍለው ስሙ ጥርጣሬ ያስነሳው፣ ቋንቋው ወይም ሃይማኖቱ ከተፈለገው ቡድን ጋር የተገጣጠመው ሰው ነው። ሒሳቡን ሌላ ሰው ሲከፍል «ይሁን፣ ይከፈል» ማለት በጣም ይቀላል። ሕዝብ በፍርሃት ጊዜ ጠንካራ ሕግ የሚደግፈው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዋጋው እሱ ጋ ስላልደረሰ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የመጀመሪያው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ይባላል፣ በ2001 ዓ.ም. ነው የወጣው። አንቀጽ 3 ሽብርን ሲተረጉም መግደልና ማገት ብቻ ላይ አልቆመም። በፖለቲካ፣ በሃይማኖት ወይም በርዕዮተ ዓለም ዓላማ ተነሳስቶ በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስን፣ የሕዝብ አገልግሎት ማቋረጥንም ጨመረ። ቅጣቱ ከ15 ዓመት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። እስቲ አስቡት፤ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥታችሁ መንገድ ተዘጋ፣ አውቶቡስ ቆመ። ዓላማችሁ ፖለቲካዊ ነው፣ አገልግሎትም ተቋርጧል። ዐቃቤ ሕጉ ከፈለገ በር ተከፍቶለታል። አንቀጽ 4 ደግሞ ማቀድን፣ መዘጋጀትን፣ ማሴርን በዚያው ቅጣት ያስቀጣል።

አንቀጽ 6 የበለጠ ያስገርማል። አንድ ጽሑፍ ከአንባቢዎቹ ለሁሉም ወይም ለአንዳንዶቹ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሽብርን እንደሚያበረታታ ሊገባቸው የሚችል ከሆነ ያሳተመው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል። ጸሐፊው ምን አስቦ ነው የጻፈው? አንቀጹ ስለ እሱ አይጠይቅም። «ለአንዳንዶቹ» የሚለውን ልብ በሉ። ከሺህ አንባቢ አምስቱ ካጣመሙት ጸሐፊው ይጠየቃል ማለት ነው።

ከዚያ የማስረጃው ነገር አለ። በአንቀጽ 23 መሠረት የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት መረጃው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሰበሰበ ባይገልጽም ፍርድ ቤት ይቀበለዋል። የስሚ ስሚም ይቀርባል። ተከሳሽ ነህ እንበል፤ «ይህን አድርገሃል» የሚል ወረቀት ቀርቦብሃል፣ ማን እንዳየህ ግን አይነገርህም። ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ አትችልም፣ ምክንያቱም ምስክር የሚባል ሰው ፊትህ የለም። ሐሰት ቢሆን እንኳ ሐሰትነቱን በምን ታሳያለህ? ለእኔ ከሕጉ ሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው፤ ከሞት ቅጣቱም ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እንዳይታዩ የሚሸፍናቸው እሱ ነው።

ጊዜ ቀጠሮውም አለ። በተራው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ሲል ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። በአዋጅ 652 ግን አንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን አያንስም፣ ድምሩም እስከ 4 ወር ይሄዳል። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ዋስትና የለም፤ ፍርድ እስኪሰጥ እስር ቤት ነው። እነዚያ አራት ወራት ለብዙ ሰው ያለፉት ማዕከላዊ በሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት ነው። ማዕከላዊ በ2010 እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ውስጥ ይፈጸም የነበረው ድብደባና ማሰቃየት ከውስጡ በወጡ ሰዎች አፍ ተነግሯል፣ በሰብአዊ መብት ድርጅቶችም ተመዝግቧል። ረጅም ጊዜ ቀጠሮና በግርፋት የሚወጣ ቃል አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ዳኛ ሰውየውን በየሁለት ሳምንቱ ካየው ቁስሉን ያያል። በየወሩ ካየው ቁስሉ ይድናል።

ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ማንን ያዘ? በ2003 ፓርላማው አምስት ድርጅቶችን አሸባሪ ብሎ ሰየመ፦ አልቃይዳ፣ አልሸባብ፣ ኦነግ፣ ኦብነግ እና ግንቦት 7። በዚያው ዓመት መጨረሻና በቀጣዩ መጀመሪያ ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ። ርዕዮት ዓለሙ 14 ዓመት ተፈረደባት፣ በይግባኝ ወደ 5 ወረደላት። ውብሸት ታዬም 14 ዓመት ተፈረደበት። እስክንድር ነጋ መስከረም 2004 ተይዞ ሐምሌ ላይ 18 ዓመት ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ ከግንቦት 7 ጋር ግንኙነት አለው ብሎ ነበር፤ ከቀረቡበት ማስረጃዎች መካከል ስለ ዓረቡ ዓለም አብዮት የጻፋቸው ጽሑፎችና በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተናገረው ይገኙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስርን የሚመረምረው የባለሙያዎች ቡድን ጉዳዩን አይቶ እስሩ የዘፈቀደ ነው አለ። እሱ የወጣው የካቲት 2010 ነው።

«ግን እስክንድር በኋላ ወደ ትጥቅ ትግል ገብቶ የለ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ ገብቷል። ይህ ግን በ2004 የተሰጠውን ፍርድ ትክክል አያደርገውም። ፍርድ ቤት የሚመዝነው ያኔ የቀረበለትን ማስረጃ ነው። ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በሚሆነው ነገር ዛሬ ይታሰር ካልን ማናችንም ነጻ አንሆንም።

የዞን 9 ጦማርያን ጉዳይ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። ሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ የመልእክት ልውውጥን ምስጢር መጠበቂያ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው ዋትስአፕ ራሱ የሚያደርገውን ማለት ነው። ከፊሎቹ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ዳኞቹ በመጨረሻ ሥራቸውን ሠሩ ልንል እንችላለን። ግን ነጻ ለመባል ወደ አንድ ዓመት ተኩል እስር ቤት መቆየት ነበረባቸው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገርም አለ። ያን ያህል ጊዜ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ወጣት ጸሐፊዎች ላይ ተጠምዶ ሲውል፣ ቦሌ ውስጥ ቦምብ የሚሠራውን ሰው የሚፈልገው ጉልበት ከየት ይመጣል? መብት መጣስ ደህንነትን አንዳንዴ የሚጎዳው እንዲህ ነው። «አምጣ፣ ማስረጃ አሳየኝ» የሚል ዳኛ የሌለበት መርማሪ ጎበዝ መርማሪ አይሆንም፤ መያዝ ብቻ ከበቃው መመርመር ለምን ያስፈልገዋል?

መንግሥት ያኔ የሚሰጠው መልስ ነበረው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሕጉ ከዓለም ምርጥ ከሚባሉት የምዕራባውያን ሕጎች ቃል በቃል የተወሰደ ነው ብለው ፓርላማ ላይ ተከራክረዋል። ይህ ክርክር በቁም ነገር መታየት አለበት፣ ምክንያቱም በከፊል እውነት ነው። አንቀጽ 6 በአብዛኛው ከእንግሊዝ የ2006 እ.ኤ.አ. የሽብር ሕግ የተቀዳ ነው። ነገር ግን የእንግሊዙ ሕግ ጸሐፊው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት እንዳደረገው ዐቃቤ ሕግ እንዲያሳይ ይጠይቃል። የእኛው ያንን ትቶታል። የእንግሊዙ ቅጣት ያኔ ቢበዛ 7 ዓመት ነበር። የእኛው ሲያንስ 10 ዓመት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን በወረቀቱ ላይ የለም። እንግሊዝ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ በሽብር የጠረጠረቻቸውን የውጭ ዜጎች ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር ጀምራ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ጉዳያቸውን ያዩት ዘጠኝ ከፍተኛ ዳኞች ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ «ይህ ከሰብአዊ መብት ጋር አይሄድም» አሉ። ፓርላማው ያንን ሥልጣን በሌላ ለመተካት ተገደደ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ለንደን ባቡርና አውቶቡስ ላይ በፈነዱ ቦምቦች 52 ሰው ሞተ። አገሩ በሙሉ ደንግጧል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ተጠርጣሪን ያለ ክስ 90 ቀን ማቆየት ይፈቀድልኝ ብለው ፓርላማ ገቡ፤ የገዛ ፓርቲያቸው አባላት ሳይቀሩ እምቢ ብለዋቸው ተሸነፉ። 28 ቀን ተሰጣቸው፣ ከዓመታት በኋላም ወደ 14 ወረደ። ሕጉን ስንቀዳ እነዚያን ዳኞችና ያንን «እምቢ» ያለ ፓርላማ አብረን አልቀዳናቸውም። በ2003 እኛ ፓርላማ ውስጥ ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የነበረው አንድ ብቻ ነው።

እንግሊዝን እያመሰገንኩ አይደለም፤ እነሱም ብዙ በደል አለባቸው። አሜሪካም ያው ናት። ከ2001 እ.ኤ.አ. በኋላ የአገሪቱ የስለላ ድርጅት የሚሊዮኖችን የስልክ መዝገብ በጅምላ ሲሰበስብ ኖረ፤ ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ስኖውደን አወጣው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የመንግሥቱ የራሱ ገለልተኛ ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ፣ ይህ የጅምላ መዝገብ የአንድ የሽብር ምርመራን ውጤት እንኳ የለወጠበት ጊዜ አላገኘሁም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ ሕግ ወጥቶ የጅምላው መሰብሰብ ቆመ። ይህን የማነሳው «ደህንነት ይፈልገዋል» የተባለ ነገር ሁሉ በእርግጥ ደህንነት ያመጣል ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። የሚታወቀው አንድ ሰው ገብቶ ሲፈትሸው ብቻ ነው።

ስለላ ካነሳን የእኛም ወገኖች ውጭ አገር ሆነው ቀምሰውታል። አዋጅ 652 ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ጥሩ አንቀጽ ነው። ሆኖም የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ የስለላ ሶፍትዌር ለመጫን ሙከራ መደረጉን አሳየ። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ደግሞ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፣ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት መጋቢት 2009 ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት እዚህ አይከሰስም የሚል ነው። ይህ ሰውዬ አገር ቤት የሚሰማው ዳኛ አላገኘም፣ በተሰደደበት አገርም አላገኘም።

ሰኔ 2010 ነገሩ የተለወጠ መሰለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሰው ማሰቃየትና ጨለማ ቤት ማሰር ራሱ ሽብር መሆኑን፣ ይህንንም መንግሥት መፈጸሙን ፓርላማ ፊት ተናገሩ። በዚያው ወር ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ከዝርዝሩ ወጡ። የሕግ ባለሙያዎች ምክር ቤት ተቋቁሞ የሚያፍኑትን ሕጎች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ታኅሣሥ 2012 አዋጅ ቁጥር 1176 ጸድቆ የቀድሞውን ሻረው።

አዲሱ ሕግ በእርግጥ ይሻላል። «ማበረታታት» የሚለው ሰፊ ወንጀል ቀርቶ ማነሳሳት በሚል ጠበብ ያለ ነገር ተተካ። አንቀጽ 4 በግልጽ የሥራ ማቆም አድማ፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ ስብሰባና የመሳሰለው መብት አገልግሎት ቢያስተጓጉል እንኳ ሽብር አይደለም ይላል። ሰው ያልገደለ፣ ከባድ ጥፋት ያላደረሰ የሽብር ድርጊት ቅጣቱ ከ10 እስከ 18 ዓመት ሆነ። ብዙ ባለሙያ የለፋበት ሥራ ነው፣ ልፋታቸውም ዋጋ አለው።

ከዚያስ? ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ ብዙ ሰውም በተከተለው ሁከት ሞተ። ጃዋር መሐመድ፣ በቀለ ገርባ፣ እስክንድር ነጋና ሌሎችም ታሰሩ፣ በሽብር ተከሰሱ። ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት፣ ክሱ ተቋርጦ ተለቀቁ። መፈታታቸው ብዙ ሰው አስደስቷል፣ እኔንም። ግን ምን እንደቀረ ተመልከቱ። ማስረጃው እስከ መጨረሻው ተሰምቶ ፍርድ አልተሰጠም። ተከሳሾቹ ጥፋተኛም አልተባሉ፣ ነጻም አልተባሉ። በዚያ ሁከት ልጁን ያጣ ቤተሰብም እውነቱን ከፍርድ ቤት አልሰማም። ሰው በፖለቲካ ውሳኔ ሲታሰርና በፖለቲካ ውሳኔ ሲፈታ የሚበደለው ተከሳሹ ብቻ አይደለም።

የአሸባሪነት ስያሜም እንደዚሁ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ፓርላማው ሕወሓትንና ሸኔን አሸባሪ ብሎ ሰየመ። ሕወሓት ማለት አዋጅ 652ን ያወጣው ግንባር ዋና ድርጅት የነበረው ነው። በ2001 ወንበር ላይ ሆኖ ያጸደቀው ሐሳብ በ12 ዓመቱ በራሱ ላይ መጣ። ከዚያ ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ ስያሜውን ማንሳትም በስምምነቱ ውስጥ ተካተተ፣ መጋቢት 13 ቀን 2015 ፓርላማው አነሳው። ሰላም መምጣቱ እሰየው ነው። ነገር ግን ስያሜ በድርድር የሚሰጥና የሚነሳ ነገር ከሆነ፣ በመሃል ባሉት ሁለት ዓመታት ከዚያ ስያሜ ጋር በተያያዘ የታሰረው ተራ ሰው ምን ተብሎ ይካሳል? የፈረሙት ተጨባብጠዋል፤ ሱቁ የተዘጋበት፣ ሥራው የቀረበት ሰው እጁን የጨበጠው የለም።

እዚህ ላይ ከጸረ ሽብር ሕጉ የሚከብደው ነገር ይመጣል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ለስድስት ወር ታውጆ የካቲት ላይ ቀድሞ ተነሳ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ ከአማራ ክልል ግጭት ጋር ተያይዞ ሌላ ታወጀ፣ ተራዝሞም እስከ 2016 ግንቦት መጨረሻ ቆየ። በአስቸኳይ ጊዜ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይይዛል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት የመቅረቡም፣ የጊዜ ቀጠሮውም ነገር ወደ ጎን ይባላል። በ2014ቱ አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ ይመስላል ብሎ ስጋቱን በግልጽ አወጣ፤ የተመድ የሰብአዊ መብት ቢሮ በአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ቢያንስ 1,000 ሰዎች መታሰራቸውን ተናገረ። እንግዲህ አዋጅ 1176ን የቱንም ያህል ብናሻሽለው፣ ሲያስፈልግ ወደ ጎን የሚያደርገው ሌላ መሣሪያ አለ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህንን አስቦበታል፣ ግን ቀዳዳ አለው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ ያላቸውን መብቶች ይዘረዝራል፦ ከጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅን የሚደነግገው አንቀጽ 18፣ የእኩልነቱ አንቀጽ 25፣ የራስን ዕድል በራስ መወሰን ይገኙበታል። በሕይወት የመኖር መብት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስታነቡት ማመን ያቅታችኋል፣ ግን የለም። አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን ይህን መብት በማናቸውም ጊዜ አይነካም ይላል። ሕገ መንግሥት የሚሻሻልበት ቀን ከመጣ ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይህ ቢሆን እላለሁ።

ልብ በሉ፣ አንቀጽ 25 አይነካም። ስለዚህ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሰውን በብሔሩ ማሰር ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። የጸረ ሽብር ሕግ ያስፈልጋል። ጠንካራ መርማሪ ያስፈልጋል፣ ስልክ መጥለፍም አንዳንዴ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሥልጣን ግን «ለምን?» የሚል ሰው ፊት ለፊቱ መቆም አለበት። ያ ሰው ሥልጣኑን ከሚጠቀመው አካል ደመወዝ፣ ሹመትና ቁጣ ነጻ መሆን አለበት። ዳኛ ሲሆን «ይህን ሰው የያዝከው በሕግ ነው? መያዙ የግድ ነበር? በዋስ ቢወጣ፣ ፓስፖርቱን ቢያስረክብ አይበቃም ነበር?» ብሎ መጠየቅ መቻል አለበት። መልሱ ካላረካውም ፈቶት፣ ፖሊስ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ መልሶ የማይይዘው መሆን አለበት። ፍርድ ቤት ዋስ ፈቅዶለት ጣቢያ የሚቆይ፣ ወይም በሌላ ክስ መልሶ የሚያዝ ሰው ታሪክ ሁላችንም እንሰማለን። አዋጁ የቱንም ያህል አምሮ ቢጻፍ እዚያ በር ላይ ይቀደዳል።

የእናንተ ሰው ከተያዘ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። አስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር፣ በሽብር የተጠረጠረም ቢሆን፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ዝም የማለት መብት አለው፤ ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። በአንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የወሰዱትን ሰዎች የደንብ ልብስና የመኪናውን ሰሌዳ ካያችሁ ወዲያው ጻፉ፤ በኋላ ክርክሩ የሚዞረው በእነዚህ ላይ ነው። ጊዜ ቀጠሮ ላይ ተገኙ፤ ቤተሰብ ችሎት ውስጥ መታየቱ ራሱ ሥራ ይሠራል። ድብደባ ካለ ተያዡ እዚያው ለዳኛው ይናገር፣ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርም ይጠይቅ።

ፍርድ ቤት ካላቀረቡት፣ የት እንዳለም ካልነገሯችሁ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ የያዘውን አካል ጠርቶ ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብ፣ የያዘበትንም ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል። አስቸኳይ ጊዜ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 93 ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል፤ የዚህ ቦርድ ግዴታ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ነው። የወንድማችሁ ስም በዝርዝሩ ላይ ከሌለ ቦርዱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የደብዳቤውን ግልባጭ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስገቡ፣ ማኅተም ያረፈበትን አንዱን ቅጂ ቤት አስቀሩ።